በነሐስ ገንዘብ ላይ የታሰረው የኒም ከተማ አዞ

በፈረንሳይ አገር በደቡብ በኩል ኒም የምትባል ጥንታዊት ከተማ አለች። መንገደኛ ወደርስዋ በደረሰ ጊዜ ሮማውያን የሠሩትን ታላቅ የትርኢት አደባባይና ሜዞን ካሬ የሚሉትን ባለ ዓምድ ቤተ ጣዖት ለማየት ይቸኩላል፤ በእውነትም ሊታዩ የሚገባቸው ናቸው። ነገር ግን ዓይኑን ወደ ምድር ዝቅ ቢያደርግ በመንገዱ ድንጋይ ላይ በተተከለ ክብ ናስ አዞና ዘንባባ ተቀርጾ ያገኛል። አዞ በማይኖርበት አገር ይህ አውሬ የከተማ ዓርማ መሆኑ ያስገርማል።

ነገሩ የመጣው ከአንድ የነሐስ ገንዘብ ነው። በሉቃስ ወንጌል ስሙን የምናነበው አውግስጦስ ቄሣር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ31 ዓመት በአክቲዩም በተደረገው የባሕር ጦርነት እንጦንዮስንና ክሌዎፓትራን ድል ነሣ፤ በ30ኛውም ዓመት ግብፅን ያዘ። የመርከቦቹ አዛዥ ወዳጁ አግሪጳ ነበረ፤ ይህም በሐዋርያት ሥራ የተጠቀሰው ንጉሥ አይደለም። ከዚያ በኋላ በኒም በተመታው ገንዘብ ባንድ ፊቱ የሁለቱ ራስ ጀርባ ለጀርባ ሆኖ ተቀረጸ። አግሪጳ የመርከብ አፍንጫ ያለበት አክሊል ደፍቷል፤ በ12 ዓመት ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ከሞተ በኋላም መልኩ ከገንዘቡ ላይ አልተነሣም። በሁለተኛው ፊት አዞው ከዘንባባ ግንድ ጋር በሰንሰለት ታስሮ ይታያል። ያች ሰፊ አገር ከነነገሥታትዋና ከነጥበብዋ በአንድ አውሬ ተመስላ ታሰረች፤ ፊደል የማያውቅ ወታደር እንኳ የሰንሰለቱን ትርጕም አይስተውም። የዓባይን አዞ የሚያውቅ ያገራችን ሰው ግን እንዲህ ከዛፍ ጋር ታስሮ ሲያየው ፈገግ ሳይል አይቀርም።

ከዚህ ይልቅ ልብ የሚነካው ሌላ ነው። ኒም ራስዋ የጎል ሕዝብ ከተማ ሆና መቶ ዓመት ያህል አስቀድሞ በሮማ እጅ የገባች ነበረች። ስለዚህ የተገዛው ሕዝብ የሌላውን ሕዝብ እስራት በገንዘቡ ላይ ያትም ነበር። በ1535 ዓመትም፥ በፈረንጆች አቈጣጠር፥ ንጉሥ ፍራንሷ ቀዳማዊ ፈቅዶላቸው ይህንኑ ምርኮኛ አውሬ ከነሰንሰለቱ የከተማቸው ዓርማ አደረጉት።

ወታደሮቹ ግን ስለ ሥዕሉ ክብር ብዙ አልተጨነቁም። ዝርዝር ገንዘብ ባነሳቸው ጊዜ ነሐሱን በመሮ ለሁለት ይከፍሉት ነበር፤ በራይን ወንዝ ዳር ከነበሩት የሮማ ጦር ሰፈሮች እንዲህ የተቈረጡ ብዙዎች ተገኝተዋል። ስለቱም ብዙ ጊዜ በሁለቱ ራሶች መካከል ስለሚያልፍ፥ ለአንዱ ሰው ቄሣሩ፥ ለሌላው አግሪጳ፥ ከአዞውም ግማሽ ግማሹ ይደርሳቸው ነበር።