ሲጋራው ሄደ፤ ንጭንጩ ግን ቀረ

ሲጋራ አፋችሁን ነክቶ የማያውቅ ብትሆኑም እባካችሁ ይህን ገጽ አትለፉት። ምናልባት አብሯችሁ የሚኖረው የትዳር ጓደኛችሁ፣ ወይም እሑድ በአምልኮ ሰዓት አጠገባችሁ ቆሞ የሚዘምረው ወንድም ይህን ትግል በስውር እየታገለ ይሆናል። እኔ አሥራ አራት ዓመት አጭሻለሁ። ከእነዚህ ውስጥ ስድስቱን ያጨስኩት ጌታን ካገኘሁ በኋላ ነው። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ፤ ዝም ብል ግን ሌላው ወንድሜ እኔ የወደቅኩበት ጉድጓድ ውስጥ ይወድቃል ብዬ እጽፈዋለሁ።

ሲጋራ ሳንባንና ልብን እንዴት እንደሚጎዳ ብዙ ተብሏል። እኔ የምነግራችሁ ግን ሰው ካቆመ በኋላ ቤቱ ውስጥ ስለሚሆነው ነገር ነው።

ሥራዬ ሹፌርነት ነው። ከመገናኛ ኮተቤ የሚመላለስ ሚኒባስ ታክሲ እነዳለሁ። ቤታችን ከላምበረት ወደ ላይ፣ የየካ ተራራ ባሕር ዛፍ ከሚጀምርበት ብዙም አይርቅም። የታክሲ ሹፌር ቀኑን የሚቆጥረው በተራ ነው። ተራ እስኪደርሰኝ አንድ ሲጋራ፣ ጭኜ ደርሼ ስመለስ አንድ ሲጋራ፣ ከሰው ጋር ስጨቃጨቅ ደግሞ ሌላ። ከሱቅ በደረቴ በፍሬ እየገዛሁ ስለማጨስ በቀን ስንት እንደማጨስ እንኳ በትክክል አላውቅም ነበር። ማታ ማስቲካ አኝኬ፣ እጄን በሳሙና ታጥቤ ወደ ቤት እገባለሁ። ባለቤቴ ግን ታውቃለች። ዘማሪ ናት፤ ስለዚህ ነገር ሰባት ዓመት ጸልያለች።

በአገራችን የሚያጨስ ሰው ብዙ አይደለም። በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከ100 ጎልማሶች ትምባሆ የሚጠቀሙት 5 ያህሉ ብቻ ነበሩ፤ ከወንዶች 8 ያህሉ። ይህ ጥሩ ዜና ነው። ነገር ግን የሚያጨሰውን ሰው፣ ይልቁንም አማኝ የሆነውን፣ የሚያማክረው ሰው እንዲያጣ ያደርገዋል።

ምስክርነቱና ዘጠነኛው ቀን

በ2011 ዓ.ም. የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ወጣ። በምግብ ቤት፣ በሥራ ቦታና በሕዝብ ማመላለሻ ውስጥ ማጨስ ተከለከለ። ሲጋራን በፍሬ መሸጥም፣ ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰው መሸጥም እንዲሁ ተከለከለ። እኔም በዚያው ዓመት አንድ ቅዳሜ ማታ እጄ ላይ የቀረውን ሲጋራ ሰባብሬ ጣልኩ። በማግስቱ እሑድ፣ ገና አንድ ቀን እንኳ ሳይሞላኝ፣ በጉባኤ ፊት ቆሜ መሰከርኩ። ጭብጨባው፣ እልልታው! ባለቤቴ ከመዘምራን መሐል ሆና ስታለቅስ አየኋት።

ሰኞ እንደ ምንም አለፈ። ማክሰኞ ከረዳቴ ጋር በሁለት ብር ተጣላሁ። ረቡዕ ወጡ ቀዝቅዟል ብዬ ሳህኑን ገፋሁት። ሐሙስ የስድስት ዓመት ልጄ ውኃ ደፋ፤ ሌባ እንደያዘ ሰው ጮኽኩበት። ልጁ ሸሽቶ እናቱ ቀሚስ ውስጥ ተሸሸገና፣ “እማዬ፣ ለአባዬ ሲጋራውን መልሺለት” አላት።

እንቅልፍ አጣሁ። መጽሐፍ ቅዱሴን ስከፍት ዓይኔ ይንሸራተታል እንጂ አንድ ቁጥር አንብቤ አልጨርስም። አንድ ወንድም በቅንነት፣ “ገና ያልለቀቀህ ነገር አለ ማለት ነው” አለኝ። እኔም ምስክርነቴ ውሸት ነበር፣ ጌታም ትቶኛል ብዬ ደመደምኩ።

በዘጠነኛው ቀን ማታ ባለቤቴ የነጠላዋን ጫፍ ፈትታ ሁለት ፍሬ ሲጋራ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ከሰፈር ሱቅ ስትገዛ ማን እንዳያት እግዚአብሔር ያውቃል። “እንካ አጭስ” አለችኝ። “ሰባት ዓመት የጸለይኩት እንዲህ ያለ ባል እንዲሰጠኝ አልነበረም።”

ውጭ ወጥቼ አጨስኩ። ስመለስ ሌላ ሰው ሆኜ ነበር። ልጄ ቀስ ብሎ መጥቶ ጭኔ ላይ ተቀመጠ። ቤቱ ሰላም ሆነ። ባለቤቴ ግን ማድ ቤት ገብታ ስታለቅስ ይሰማኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ያህል ተደብቄ አጨስኩ። ጉባኤው ነፃ እንደወጣሁ ያምናል፤ እኔ ግን የማውቀው ሰው በማያልፍበት ቦታ ፈልጌ አጨሳለሁ። ከሱሱ ይልቅ የጎዳኝ ይህ መደበቅ ነበር።

ንዴቱን የሚያመጣው ማን ነው?

በ2013 ዓ.ም. ሳል አልለቅ ብሎኝ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። የመረመረችኝ በዕድሜ ጠና ያለች ሲስተር ነበረች። ለማቆም ሞክሬ እንደማውቅ ጠየቀችኝ። “ሞክሬ ነበር፤ ግን ሰው መሆን አቃተኝ” አልኳት። አልሳቀችብኝም። ወረቀት አውጥታ እንዲህ ስትል አስረዳችኝ።

በሲጋራው ውስጥ ያለው ኒኮቲን በሰከንዶች ውስጥ አንጎል ይደርሳል፤ እዚያም ደስ የሚል ስሜት የሚፈጥር ንጥረ ነገር እንዲለቀቅ ያደርጋል። አንጎል ይህን ይለምዳል። ነገር ግን በሁለት ሰዓት ውስጥ የኒኮቲኑ ግማሽ ያህል ከደም ይወጣል፤ ያን ጊዜ አጫሹ መቁነጥነጥና መነጫነጭ ይጀምራል። እንደገና ሲያጨስ ይረጋጋል። “ሲጋራ ንዴቴን ያበርድልኛል ትላለህ፤ ንዴቱን ያመጣው ማን ሆነና?” አለችኝ።

ሰው ሲያቆም ንጭንጩ የሚጀምረው በመጀመሪያው ቀን ውስጥ ነው። በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን እጅግ ይበረታል። የመጀመሪያው ሳምንት ከባድ ነው፤ ከዚያ ቀስ በቀስ እየቀለለ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ለአብዛኛው ሰው ያልፋል። ንዴት፣ ጭንቀት፣ ድብርት፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ሐሳብ መበታተን፣ ምግብ ምግብ ማለት፣ እነዚህ ሁሉ የታወቁ ምልክቶች ናቸው። እኔ መንፈሳዊ ውድቀት ያልኩት ነገር የጊዜ ሰሌዳ ያለው የሰውነት ሕመም ኖሯል! በዘጠነኛው ቀን እጅ የሰጠሁት ከባዱን ቁልቁለት ከጨረስኩ በኋላ እንደነበር ሳስብ አዘንኩ።

በኋላም አንድ ነገር አነበብኩ። በ2014 እ.ኤ.አ. በብሪታኒያ የሕክምና መጽሔት ላይ 26 ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመረ ጽሑፍ ወጥቶ ነበር። ሲጋራ ያቆሙ ሰዎች ማጨሳቸውን ከቀጠሉት ይልቅ ጭንቀታቸውም ድብርታቸውም ቀንሶ ተገኝቷል። ስለዚህ ወንድሜ፣ እህቴ፣ “ሲጋራ ካቆምኩ ደስታዬ ይሄዳል” የሚለውን ሐሳብ አትመኑት።

ነቢዩም ተኝቶ ነበር

ከጤና ጣቢያው ስመለስ የኤልያስ ታሪክ ትዝ አለኝ። በቀርሜሎስ ተራራ ያን ታላቅ ድል ካየ በኋላ በምድረ በዳ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ሞቱን የለመነው እርሱ ነው። እግዚአብሔር መልአኩን ልኮ ያደረገለትን አስተውሉ። አልገሠጸውም። አስነሥቶ እንጀራና ውኃ ሰጠው፤ እንደገና አስተኛው፤ ዳግመኛ አበላው። ወደ ኮሬብ መንገድ የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ከድል ማግስት መድከም ለነቢዩም ደርሶበታል። እኔ ግን በመጀመሪያው ጊዜ ሳልተኛ፣ ሳልበላ፣ ራሴን ስከስስ ነበር የከረምኩት።

ሁለተኛው ጊዜ

በዚህኛው ጊዜ መድረክ ላይ አልወጣሁም። ሁለት የታመኑ ወንድሞችን ቤት ጠርቼ እውነቱን ነገርኳቸው፤ አብረን ጸለይን። ከዚያ ባለቤቴንና ልጄን አስቀምጬ እንዲህ አልኩ፦ “ከነገ ጀምሮ ለአራት ሳምንት ያህል እነጫነጭ ይሆናል። ጥፋቱ የእናንተ አይደለም። ሆኖም መታመሜ እናንተን ለመጮህ ፈቃድ አይሆነኝም።”

ከባለቤቴ ጋር አንድ ስምምነት አደረግን። ንዴቱ ሲነሣ “ልውጣ” ብዬ ወደ ግቢ እወጣለሁ፤ እሷ ተከትላ “ምን ሆንክ?” አትለኝም። ሲጋራ ሲጋራ የሚለው ስሜት ብዙ ጊዜ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ስለሚያልፍ ተመልሼ እገባለሁ። ካጠፋሁ ደግሞ ከመተኛታችን በፊት ይቅርታ እጠይቃለሁ። ልጄን ጭምር! ልጄ በየቀኑ ማታ በግድግዳው ካላንደር ላይ በቀይ እስክሪብቶ ምልክት ያደርግ ነበር።

ረዳቴም ተባበረኝ። ተራ ስንጠብቅ ቆሎ በእጄ ያስጨብጠኛል። ሱቅ በደረቴው ሲመጣ፣ “እሱ ትቷል” ብሎ እሱው ይመልስልኛል።

ስለ ቡና ያልጠበቅኩትን ነገር ሲስተሯ ነግራኝ ነበር። የሲጋራ ጭስ ጉበት በቡና ውስጥ ያለውን ካፌይን ቶሎ እንዲያስወግድ ያደርጋል። ጭሱ ሲቀር ያው የምንጠጣው ቡና በደም ውስጥ ብዙ ይቆያል፤ ያቁነጠንጣል፣ እንቅልፍ ይነሳል። ለካ በመጀመሪያው ጊዜ ሲጋራውን በቡና ልተካ ብዬ ከአቦል እስከ በረካ ስጠጣ በእሳት ላይ እንጨት እየጨመርኩ ኖሯል። በዚህኛው ጊዜ ከአቦል አላልፍም፤ እሱንም ከቀትር በፊት።

ጠዋት አንዱን ተራ እየተውኩ ወደ የካ ተራራ ለግማሽ ሰዓት መውጣት ጀመርኩ። የመጀመሪያው ቀን ጥቂት እንደሄድኩ ትንፋሼ ቆመ። የሚለማመዱ ሯጮች ባጠገቤ ሽው ብለው ሲያልፉ አፈርኩ። እንጦጦ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ከፍ ይላል፤ የእኛም ተራራ የዚያው ሰንሰለት ነውና ሳንባን ይፈትናል። በሁለተኛው ወር ግን ሳላርፍ መውጣት ቻልኩ።

አንድ ጠዋት የእንጨት ሸክማቸውን መንገድ ዳር አውርደው ያረፉ እናት አገኘሁ። ወገባቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ያቃስታሉ። “እማማ፣ ሲያወርዱት አልቀለለዎትም?” አልኳቸው። “ልጄ፣ ወገብ የሚናገረው ሸክሙ ሲወርድ ነው” አሉኝ። መልሳቸውን ይዤ ወረድኩ። እኔም ሸክሜን አውርጄ ነው ያመመኝ።

ንዴቱ ሲያልፍ የመጣው ድብርት

በሦስተኛው ሳምንት ቁጣው በረደ፤ በምትኩ ልቤ እንደ ክረምት ሰማይ ደመነ። መብላት አላስጠላኝም፣ ግን ምንም ነገር አያስደስተኝም። መዝሙሩም፣ ጨዋታውም ባዶ ሆነብኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሲጋራ በብቸኝነቴ ሰዓት ጓደኛዬ ነበር፤ ሐዘኔ የለቅሶ ዓይነት ነበር። ባለቤቴ ይህን ስነግራት አልተቆጣችም። ቅዳሜ ከሰዓት ሥራ አስተወችኝና በ2013 ዓ.ም. የተከፈተውን የእንጦጦ ፓርክ ከልጃችን ጋር ሄደን አየን። ለሲጋራ ይወጣ ከነበረው ያጠራቀምኩት ነበር የታክሲውንም የምግቡንም የከፈለው። በዚያ ቀን ብዙ አልሳቅኩም። ግን ልጄ እጄን ይዞ፣ “አባዬ፣ ሃያ ሁለት ሆነ እኮ!” ሲለኝ ልቤ ተነካ።

የእኔ ድብርት በአምስተኛው ሳምንት አካባቢ ለቀቀኝ። ለሁሉም ግን እንዲህ አይሆንም። ሐዘኑ ቀኑን ሙሉ እየቆየ ከሁለት ሳምንት ካለፈ፣ መብላትና መተኛት ካቃታችሁ፣ ይልቁንም “ብሞት ይሻላል” የሚል ሐሳብ ከመጣ፣ ለነገ አትበሉ። አቅራቢያችሁ ያለ ጤና ጣቢያ ሂዱ። በአዲስ አበባ አማኑኤል ሆስፒታልና በእኛው አካባቢ ያለው የካ ኮተቤ ጠቅላላ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ይሰጣሉ። የአእምሮ ሕመም መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ ደግሞ ሲጋራ ከማቆማችሁ በፊት ለሐኪማችሁ ንገሩ፤ የአንዳንዱ መድኃኒት መጠን መስተካከል ሊያስፈልገው ይችላል። ሱሱን ለማቅለል የሚረዱ መድኃኒቶችም ስላሉ ጠይቁ። ወደ ሐኪም መሄድ እምነት ማጣት አይደለም።

ለባለትዳሮች አንድ ቃል

እህቴ ሆይ፣ ባልሽ ሲጋራ አቁሞ ቢነጫነጭ የምታይው ሰው እውነተኛው ባልሽ ነው ብለሽ አትደምድሚ። ቀኑን ቁጠሪለት። ስድቡንና ዱላውን ግን “ያልፋል” ብለሽ አትሸከሚ፤ ያ ከሲጋራ ጋር የሚሳበብ ነገር አይደለምና ለሚረዳሽ ሰው ተናገሪ። ወንድሜ ሆይ፣ ሚስትህ ሰባት ዓመት ከጸለየችልህ አራት ሳምንት ልትጠነቀቅላት ይገባል። የቤተ ክርስቲያን መሪዎቻችን ሆይ፣ አንድ ሰው “ሲጋራ አቆምኩ” ሲላችሁ ከማጨብጨባችሁ ጋር በሦስተኛው ቀን ስልክ ደውሉለት።

አንድ ጊዜ ብትወድቁም ተስፋ አትቁረጡ። እኔ የተነሣሁት ከወደቅኩ ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። አንድ ዓመት ሳያጨስ የቆየ ሰው በሲጋራ ምክንያት የሚመጣው የልብ ሕመም ስጋት በግማሽ ያህል ይቀንስለታል ይላሉ ሐኪሞች። እኔ ዓመት የሞላኝ ቀን ባለቤቴ ቡና አፈላች። ልጄ ያን ቀይ ምልክት የሞላበትን ካላንደር ከግድግዳ አውርዶ አመጣው። ባለቤቴ ተቀበለችውና ዘጠነኛውን ቀን በጣቷ ነክታ ቀና ብላ አየችኝ። ሁለታችንም ምንም አልተናገርንም። ከዚያ አቦሉን ቀዳችልኝ።

ጌታ ቤታችሁን ይባርክ።