ኪሎ ቶን ስንት ኩንታል ነው?

ዛሬ የምነግራችሁ ክፍል ውስጥ ስለተሳቀብኝ ነገር ነው።

የሳይንስ መምህራችን «ኪሎ ቶን ምንድን ነው?» ብለው ሲጠይቁ እጄን አውጥቼ «ክብደት ነው፤ 1,000 ቶን» አልኩ። አጠገቤ የሚቀመጠው ልጅ «አይደለም፣ የቦምብ ኃይል ነው!» አለ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀብኝ። ቲቸር ግን «ሁለታችሁም ልክ ናችሁ» አሉ። ለቦምብ ሲሆን ያን ያህል ቶን ቲኤንቲ የሚባል ፈንጂ አንድ ላይ ቢፈነዳ የሚሰጠው ኃይል ማለት ነው። የቦምቡ የራሱ ክብደት ግን ሌላ ነው።

ለምሳሌ ሐምሌ 30 ቀን 1937 ዓ.ም. አሜሪካ በጃፓኗ ሂሮሺማ ከተማ ላይ የጣለችው አቶሚክ ቦምብ ክብደቱ ወደ 4.4 ቶን፣ ኃይሉ ግን ወደ 15 ኪሎ ቶን ነበር።

አባዬ እህል በረንዳ ጫኝና አውራጅ ስለሆነ ኩንታል በደንብ ያውቃል። ማታ ደብተሬን ይዤ አጠገቡ ተቀመጥኩና አብረን አሰላን። 1 ቶን 10 ኩንታል ነው። ስለዚህ ቦምቡ 44 ኩንታል ይመዝናል። «ይሄንንማ አንድ አይሱዙ ይጭነዋል» አለ አባዬ። ኃይሉ ግን የ150,000 ኩንታል ፈንጂ ሆነ! አንድ አይሱዙ 50 ኩንታል ቢጭን 3,000 አይሱዙ ያስፈልጋል።

እኔ ሂሳቡ ስለወጣልኝ ደስ ብሎኝ «ዋው!» አልኩ። አባዬ ግን ዝም አለ። ቆይቶ «ታዲያ ከተማው ውስጥ ልጆች አልነበሩም?» አለኝ። መልስ አጣሁ።

በማግስቱ ቲቸርን ጠየቅኩ። ቦምቡ የፈነዳው በነሱ ሰዓት ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ15 ላይ ነው። በዚያ ጠዋት እንደኛ የ12 እና የ13 ዓመት ተማሪዎች በሺዎች ሆነው ከተማው ውስጥ ሥራ ላይ ነበሩ። እሳት እንዳይዛመት ተብለው የፈረሱ ቤቶችን ፍርስራሽ ያነሱ ነበር። አብዛኞቹ ሞቱ። በዚያው በፈረንጆቹ 1945 መጨረሻ የሟቾቹ ቁጥር ወደ 140,000 እንደደረሰ ይገመታል።

ይህን ስነግረው አባዬ ትከሻውን እያሻሸ «ለአንድ ሰው አንድ ኩንታል ደረሰው ማለት ነው» አለ። እሱ አንድ ኩንታል ምን ያህል እንደሚከብድ ያውቃል።

ጓደኞቼ፣ በዜና «ኪሎ ቶን» ሲባል ስትሰሙ እንደኔ «ዋው» አትበሉ። መጀመሪያ አባዬ የጠየቀውን ጠይቁ።

ሰላም ለሀገራችን፣ ሰላም ለዓለም!