ያልሰማው ጎረቤት

ታናሽ ወንድሜ ሦስት ሌሊት እንቅልፍ አጣ። ኮዱን ያርማል፤ ፕሮግራሙ የድሮ ስህተቱን ይደግማል። «ሙያውን ልተወው ነው» አለኝ።

ሥራው በአራት ፎልደሮች ተከፋፍሏል፤ የሚገጣጥመው «ሜክ» ነው። ስቱዋርት ፌልድማን ሜክን በ1976 (እ.ኤ.አ.) በቤል ላብስ የሠራው አንድ ባልደረባው በታረመ ፕሮግራም ላይ ስህተት ሲፈልግ ረፋዱን ስላባከነ ነው፤ የታረመው ፋይል እንደገና ኮምፓይል አልተደረገም ነበርና።

ሜክ የፋይሎችን ሰዓት ያነጻጽራል፤ ምንጩ ከውጤቱ አዲስ ሲሆን እንደገና ይሠራል። ማን በማን ላይ እንደሚደገፍ ግን ካልነገሩት አያውቅም። የወንድሜ ፎልደሮች የየራሳቸውን ሕግ ይዘው አንዱ የሌላውን ለውጥ አልሰማም።

ሕጎቹን በአንድ ፋይል ሰበሰባቸው፤ ሠራ።

«ጋሼ፣ እኔ'ኮ ራሴን ነበር የጠረጠርኩት» አለኝ።

እኔም እሱኑ ነበር የጠረጠርኩት፤ አልነገርኩትም።