ባለቤትሽ የክለብ አባል ልሁን ቢልሽ

ዛሬ የማወጋችሁ ጉዳይ ለብዙዎቻችን ሩቅ ይመስላል። እኛ ነቀምቴ ጎልፍን የምናውቀው በቴሌቪዥን ነው፤ እሱንም እግር ኳስ ፍለጋ ጣቢያ ስንቀያይር እናልፈዋለን እንጂ ቁጭ ብለን አይተነው አናውቅም። ባለፈው ታኅሣሥ አንድ ምሽት ግን የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ሚስት ከአዲስ አበባ ደውላ፣ «እትዬ፣ ባለቤቴ የጎልፍ ክለብ አባል ልሁን እያለኝ ነው። የመግቢያውንና የዓመቱን ክፍያ ሲነግረኝ ራሴን አዞረኝ። ኃጢአት ነው እንዳልለው ኃጢአት አይመስለኝም፤ ይሁን እንዳልለው ገንዘቡ ያሳሳኛል። እርስዎ ምን ይሉኛል?» አለችኝ።

ሳላስብ መለስኩላት። «በዚህ ኑሮ በከበደበት ዘመን፣ ስንቱ ተፈናቅሎ በሰው ደጅ ባለበት፣ ለዱላና ለኳስ? አይሆንም በይው!» ብዬ፣ ጸልዬላት ስልኩን ዘጋሁ። ባለቤቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ እንደ ልማዱ የእግሩን ጣቶች አንድ በአንድ እየፈተሸ ነበር። ቀና ሳይል፣ «እኔንም እንዲሁ ነበር ያልሽኝ» አለ።

እህቶቼ፣ ያቺ ቃል እንቅልፍ ነሳችኝ። ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ።

ከሦስት ዓመት በፊት ባለቤቴ ውኃ ጥም አላስቀምጥ ሲለው ሐኪም ቤት ሄደ፤ የጾም ስኳሩ 210 ሆኖ ተገኘ። ከ126 ጀምሮ የስኳር በሽታ እንደሚባል ያን ጊዜ ነው የተማርኩት። ሐኪሙ መድኃኒት አዘዘለት፤ አመጋገቡን አስተካከለለት፤ ቀጥሎም በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ሰውነቱን እንዲያንቀሳቅስ ነገረው። መጋቢ ሥራው መቀመጥ ነው፤ ተቀምጦ ያነባል፣ ተቀምጦ ያማክራል፣ ጉባኤ ላይ ተቀምጦ ይውላል፣ በየቤቱ ሄዶ ደግሞ ቡናና ዳቦ ይቀርብለታል። እምቢ ቢል ቅር ይሰኙበታል።

በእግር መሄድ ነበር የታሰበው። ነገር ግን ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በወለጋ ያየነውን ታውቃላችሁ፤ ጨለማው ሳይገፍ ከከተማ ዳር ወጥቶ መሄድ የሚመከር አልነበረም። ክረምቱም አለ። ነቀምቴ፣ ጊምቢ፣ ነጆ፣ አርጆ ያላችሁ አንባብያን የእኛን ዝናብና ጭቃ ላስረዳችሁ አያስፈልግም። ስለዚህ ባለቤቴ አንድ ሆቴል ውስጥ ባለው ስፖርት ቤት ተመዘገበ። የዓመቱን በአንድ ጊዜ ሲከፍል 12,000 ብር ነበር። አማክሮኛል፤ እኔም አፌ «እሺ» ብሏል። ልቤ ግን ጤፍ ነበር የሚያሰላው።

ከዚያ ወሬው መጣ። ከጸሎት በኋላ አንዲት እህት እየሳቀች፣ «መጋቢያችን ስቲም መግባት ጀመሩ አሉ፤ አሥራታችን ላብ ሆኖ ወጣ!» አለችኝ። ቀልድ ነበር፤ እኔ ግን እንደ ቀልድ አልወሰድኩትም። ቤት ገብቼ፣ «አንተ የመንጋ እረኛ ነህ፤ የተፈናቀሉ እናቶች በቤተ ክርስቲያን ግቢ እያሉ አንተ ማሽን ላይ ትሮጣለህ?» አልኩት። መልስ አልሰጠኝም። በሚቀጥለው ሳምንት ቀረ። በጠቅላላው 31 ቀን ነበር የሄደው።

በስምንተኛው ወር ጫማው የግራ እግሩን ላጠው። ስኳር ነርቭን ስለሚያደነዝዝ አልተሰማውም፤ ሲሰማን ቁስሉ ገብቷል። ሰባት ሳምንት ቁስል አሳጠብን። «ጣቱ ይቆረጥ ይሆናል» የተባለበትን ቀን አልረሳውም። በጌታ ምሕረት ዳነ። እንቅስቃሴውን ባያቋርጥ ኖሮ አይቆስልም ነበር ብዬ አልምልላችሁም፤ ቁስሉን ያመጣው ጫማው ነው። ስኳሩ ግን መውጣት የጀመረው ከቀረ በኋላ እንደሆነ የምርመራ ወረቀቶቹ ይናገራሉ።

የቤታችንን ወጪ የምጽፍበት ደብተር አለኝ። ያን ምሽት አወጣሁት። 12,000 ብር ለ31 ቀን ሲካፈል በቀን 387 ብር ይሆናል። ይህ ውድ ነው። ሦስት ጊዜ በሳምንት ዓመቱን ሙሉ ቢሄድ ኖሮ ግን 77 ብር ብቻ ነበር። ለቁስሉ የወጣውን ደመርኩ፤ ከ19,000 ብር አለፈ። ጤፉን ሳሰላ ይህን አላሰላሁትም ነበር።

እንግዲህ ወደ ጎልፉ ልመለስ። ለክትትል አዲስ አበባ በሄድን ጊዜ አማቼ አንድ ቅዳሜ ጎልፍ ሜዳ ወስዶን ስለነበር የምነግራችሁ ያየሁትን ነው። ጨዋታው በከተማዋ አዲስ አይደለም። በአሮጌው ኤርፖርት በኩል በጎልፍ ክለብ ስም የሚጠራ ሰፈር እስኪኖር ድረስ የቆየ ነው። የእንግሊዝ ኤምባሲም አፄ ምኒልክ በሰጡት ሰፊ ግቢ ውስጥ ዘጠኝ ጉድጓድ ያለው ሜዳ አለው። ሙሉ ጨዋታ 18 ጉድጓድ ነው፤ ዘጠኝ ብቻ ባለበት ሁለት ጊዜ ይዞሩታል። በእግር ከሆነ አራት ሰዓት ያህል ይፈጃል፣ ስምንት ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ ያስኬዳል። እኔ እንደ ሰነፍ ሰው ጨዋታ እቆጥረው ነበር፤ ሁለተኛው ጉድጓድ ሳይደርስ ትንፋሼ አጠረ። ባለቤቴ ግን ፊቱ በርቶ ነበር። ዱላውን የሚሸከሙት ልጆች አብረውት ሲስቁ አየሁ። ሰው «መጋቢ» ሳይለው አንድ ቀን ሙሉ ሲውል አይቼው አላውቅም።

ስዊድን ስንል እኛ ወለጋዎች ቶሎ የሚታወሰን እነ ኦነሲሞስ ነሲብን የላከው ሚሲዮን ነው። በ2000 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ2008) ደግሞ የዚያው አገር ተመራማሪዎች ስለ ጎልፍ አንድ ጥናት አሳትመው ነበር። ወደ 300,000 የሚሆኑ ጎልፍ ተጫዋቾችን በዕድሜ፣ በጾታና በኑሮ ደረጃ ከሚመስሏቸው ሰዎች ጋር አስተያይተው የሞት መጠናቸው 40 በመቶ ያህል ዝቅ ብሎ አገኙት። አማቼ ይህንን በቃሉ ይዞታል፤ ሚስቱን ሲያግባባ መጀመሪያ የሚጠቅሰው እሱን ነው። እኔ ግን አንድ ነገር ልጨምርበት። ስምንት ኪሎ ሜትር መሄድ የሚችል ሰው ቀድሞም ጤነኛ ነው፤ የታመመው ሜዳው ላይ አይገኝምና አይቆጠርም። ደግሞም ከጥቅሙ ትልቁ ድርሻ የእግሩ ነው፤ የዱላው አይመስለኝም።

አንዳንዶቻችሁ 1ኛ ጢሞ. 4፥8ን እንደምታነሡብኝ አውቃለሁ። እኔም በባለቤቴ ላይ አንሥቼበት ነበር! በመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ያስተማረን መምህር ግን እዚህ ክፍል ላይ ሲደርስ፣ ጳውሎስ የሥጋን ልምምድ ጥቅም አሳነሰው እንጂ ጥቅም የለውም አላለም እያለ ያሳስበን ነበር። ጥቂት የሚጠቅም ነገር ጥቂት ይከፈልበታል። ስንት ነው ጥቂት? ይሄ ነው ጥያቄው፤ መልሱም እንደ ቤቱ ይለያያል።

አማቼ ግን ጤናን ብቻ አይደለም የሚፈልገው። ነጋዴ ነው፤ «እዚያ የምተዋወቃቸውን ሰዎች በቢሮ ደጅ ብጠና አላገኛቸውም» ይላል። ውሸት አይደለም። አራት ሰዓት አብሮህ የሄደ ሰው ስልክህን ያነሣል። እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው። እኛ በየወሩ ሳንከራከር የምንከፍለው አንድ አባልነት አለን፤ እድር። ማንም ሚስት «እድሩ ያዋጣል ወይ?» ብላ ባሏን ስትጠይቅ ሰምቼ አላውቅም። ብዙ ዓመት ከፍላችሁ አንድም ቀን ላትጠቀሙበት ትችላላችሁ፤ ባትጠቀሙበት ደስ ይላችኋል እንጂ አትቆጩም። ቀኑ ሲደርስ ግን ድንኳኑ ይተከላል፣ ወንበሩ ይመጣል፣ ሴቶቹ እንጀራውንና ወጡን ይዘው ይገባሉ፣ ለቅሶ ደራሹ ሲሄድም አብረዋችሁ የሚያመሹ ጎረቤቶች አሉ። አማኞች በየሰፈሩ የራሳቸውን እድር ያቋቋሙት በዋዛ አይደለም፤ በቀብር ቦታ ምክንያት የተንገላቱ አባቶቻችንን ታሪክ የምታስታውሱ ታውቁታላችሁ።

የጎልፉን አባላት ከእድርተኞች ጋር ላወዳድር አልፈልግም፤ መልካም ሰዎች ይኖሩበታል። ነገር ግን ለመተዋወቅ ብሎ የሚከፍል ሰው ትውውቅ እየገዛ መሆኑን ይወቀው። ዋጋውንም እንደ ንግድ ወጪ በንግድ ደብተሩ ላይ ይጻፈው እንጂ ከልጆች ትምህርት ቤት ክፍያና ጊምቢ ላሉት እናቱ ከሚልከው አያንሣው። ንግዱ በዓመት ካልመለሰው ደግሞ ይተወው። ይህንን ለወንድ በግልጽ መንገር የሚከብዳችሁ እህቶች ብዙ ናችሁ፤ እኔ ግን እነግረዋለሁ፣ ታላቁ ነኝና።

ስለዚህ በማግሥቱ ደወልኩላት። መጀመሪያ ይቅርታ ጠየቅኋት። «ትናንት የመለስኩልሽ ከገዛ ኀፍረቴ ተነሥቼ ነው እንጂ ያንቺን ቤት አስቤ አይደለም» አልኳት፤ የባለቤቴንም እግር ታሪክ ነገርኳት። እሷም የልቧን አወጣችው። ገንዘቡ ሁለተኛ ነገር ነበር። «እትዬ፣ እውነቱን ልንገርዎት? ሰኞ እስከ ዓርብ ሱቅ ነው። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ነው። የቀረችን ቅዳሜ ነበረች» አለችኝ።

እኔ እንግዲህ የሚመስለኝን አልኳት። እንደ እኛ ባለ ደመወዝተኛ ቤት ለሙሉ አባልነት መክፈል አይገባም፤ የእናንተ ቤት ግን ከኪሳችሁ ሊወጣ ይችላል። ሆኖም መግቢያውን ዛሬ አትክፈሉ። የመግቢያ ገንዘብ አንዴ ከወጣ በኋላ ሰው የሚሄደው ወዶ አይደለም፤ ገንዘቡ አሳስቶት ነው። ወዳጁ በእንግድነት ይውሰደው፤ የዕለቱን ከፍሎ ይጫወት። ዱላ ይዋስ እንጂ አይግዛ። ምሳውን፣ ለተሸካሚው ልጅ የሚሰጠውን፣ የነዳጁን ሁሉ ጻፉት፤ የክለብ ወጪ በደረሰኙ ላይ ያለው ብቻ አይደለም። የሄደበትንም የቀረበትንም ቅዳሜ ቁጠሩ። አንቺም አብረሽው ሂጂ። «እኔ? በምን ጫማ?» ብላ ሳቀች።

በእኛ ቤት ደግሞ እንዲህ ሆኗል። በጋውን ጠዋት 12 ሰዓት ተነሥተን ከቤታችን ስታዲየሙ ድረስ ደርሰን እንመለሳለን፤ ሰፊ ጫማ ገዝቼለታለሁ። መንገድ ላይ የሚያገኙን ምእመናን በመጀመሪያ የታመመ ሰው ልንጠይቅ የምንጣደፍ መስሏቸው «ማን ነው? ምን ሆነ?» ይሉን ነበር፤ አሁን ለምደውናል፤ አንዳንዶቹም ይከተሉናል። ሰኔ ሲገባ ግን ያንኑ ስፖርት ቤት ለሦስት ወር ብቻ፣ ለሁለታችንም ከፈልን። ረጅም ቀሚሴን ለብሼ፣ ነጠላዬን አጣፍቼ መሮጫው ማሽን ላይ ስወጣ አሠልጣኙ ልጅ ወዴት እንደሚመለከት ጠፋው። ያቺ ቀልደኛ እህትም ሰምታ ነበር። «አዴ፣ እርስዎም?» አለችኝ። «ነይ አብረን እንሂድ፤ ላንቺም ደም ግፊት ጥሩ ነው» አልኳት። ሁለት ጊዜ መጥታለች።

ባለቤቴ ባለፈው ሲለካ የጾም ስኳሩ 128 ነበር። ቁስሉ የነበረበት ቦታ ጠባሳው አለ።

ከአዲስ አበባም ትናንት ተደውሎልኝ ነበር። ዘጠኝ ቅዳሜ ቆጥረዋል። እሱ አራቱን ሄዷል፤ ሁለቱን ዕቃ መጣብኝ ብሎ፣ ሦስቱን ደክሞኛል ብሎ ቀርቷል። እሷ በልጇ ሸራ ጫማ ሁለት ጊዜ አብራው ሄዳለች፤ በሁለተኛው ቀን ዘጠኙንም ጉድጓድ ዞራለች። መግቢያውን አልከፈሉም። እስከ ፋሲካ ሊቆጥሩ ተስማምተዋል።