ሩቅ የሚባለው ሰፈር የትኛው ነው?

አዲስ አበቤ መንገድን በኪሎ ሜትር ሲለካ ብዙም አይሰማም። «ቤትህ የት ነው?» ሲሉት «ከዚህ አንድ ታክሲ ነው» ይላል። ራቅ ካለ «ሁለት ታክሲ ያስይዛል»። ዕድለኛ ከሆነ ደግሞ «በአንድ አውቶቡስ ደጃፌ ላይ እወርዳለሁ» ብሎ ይኩራራል። ይህ አነጋገር ለእንግዳ ሰው የዘፈቀደ ይመስለዋል። ቀረብ ብሎ ለመረመረው ግን የከተማን ርቀት ከብዙ ካርታ የተሻለ ያውቃል፤ መንገደኛ የመንገዱን ዋጋ የሚከፍለው በሜትር ሳይሆን በመጠበቅ፣ በመሳፈር፣ በመውረድና እንደገና በመጠበቅ ነውና።

ስለ አንድ የአውቶቡስ መስመር ማወቅ የሚያስፈልገን ሦስት ቁጥር ነው። አንደኛው ርዝመቱ ነው፤ ከመነሻው እስከ መድረሻው ስንት ኪሎ ሜትር እንደሆነ። ሁለተኛው ድግግሞሹ ነው፤ በየስንት ደቂቃው አንድ አውቶቡስ ብቅ እንደሚል። ሦስተኛው የጉዞው ጊዜ ነው፤ ከተሳፈሩ በኋላ እስኪወርዱ ድረስ የሚፈጀው። እኔም ነገሩ ሲያብሰለስለኝ ጊዜ አንዲት የኪስ ማስታወሻ ደብተር ገዝቼ፣ ገጿን በሦስት ዓምድ ከፍዬ፣ በተሳፈርኩ ቁጥር እነዚህኑ መጻፍ ጀመርኩ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ገጾቹን ሳገላብጥ ያስተዋልኩት ይህን ነው። የመጀመሪያው ዓምድ አይለወጥም፤ አስፋልቱ የት ይሄዳል? ሦስተኛው እንደ ሰዓቱና እንደ ቀኑ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ቢሆንም በልማድ ሊገመት ይችላል። የሚያሳብደው የመካከለኛው ነው። ያው ፌርማታ፣ ያው ሰዓት፣ ያው ሰው፤ አንድ ቀን አውቶቡሱ እየጠበቀኝ አገኘዋለሁ፤ በማግሥቱ ጋዜጣዬን አንብቤ ጨርሼ ማስታወቂያውን መቁጠር እጀምራለሁ።

ሰው ስለ ሰፈሩ ሲነጋገር ግን የሚያነሣው የመጀመሪያውን ቁጥር ነው። «ሩቅ ነው» ወይም «ቅርብ ነው» ይላል። እስቲ በስሌት እንየው። ሁለት መስመር እናስብ። አንደኛው 6 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፤ አውቶቡስ የሚመጣበት ግን በየ40 ደቂቃው ነው። ሁለተኛው 10 ኪሎ ሜትር ነው፤ አውቶቡስ በየ6 ደቂቃው ይመጣበታል። ሁለቱም፣ በየፌርማታው መቆማቸው ተደምሮ፣ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ይሄዳሉ እንበል። በአጭሩ መስመር ጉዞው 24 ደቂቃ ነው። ሰዓት ሳይመርጥ ፌርማታ የደረሰ ሰው በአማካይ 20 ደቂቃ ይጠብቃል። ድምሩ 44 ደቂቃ። በረጅሙ መስመር ጉዞው 40 ደቂቃ፣ ጥበቃው በአማካይ 3 ደቂቃ፣ ድምሩ 43 ይሆናል። እንግዲህ 10 ኪሎ ሜትሩ ከ6 ኪሎ ሜትሩ ቀረበ ማለት ነው።

ነገሩ በዚህም አያበቃም። ጠዋት በ2 ሰዓት ፊርማ የሚነሣበት ሠራተኛ በአማካይ አይኖርም። ከቤቱ የሚወጣው የባሰውን ቀን አስቦ ነው። በአጭሩ መስመር የባሰው ቀን 40 ደቂቃ ጥበቃና 24 ደቂቃ ጉዞ፣ በጠቅላላው 64 ደቂቃ ነው። በረጅሙ 46 ነው። በካርታ ላይ ቅርብ ሰፈር ያለው ሰው ሩቅ ካለው ሰው 18 ደቂቃ ቀድሞ ከእንቅልፉ ይነሣል። በየቀኑ እንዲህ የሚሰጠውን እንቅልፍ የሚመዘግብለት መሥሪያ ቤት የለም።

ይህ ሁሉ የሚሆነው አውቶቡሶቹ ልዩነታቸውን ጠብቀው ሲመጡ ነው። ሁላችንም የምናውቀው ሌላ ነገር ደግሞ አለ። አንድም ሳይመጣ ይቆይና ሁለት ሦስት ሆነው ተከታትለው ይደርሳሉ። ብዙ ሰው ይህን የሾፌሮች ጨዋታ አድርጎ ያየዋል፤ «የት ሻይ ሲጠጡ ነበር?» ይላል። ምክንያቱ ግን ሌላ ነው። አንድ አውቶቡስ በሆነ ምክንያት ጥቂት ከዘገየ በሚቀጥለው ፌርማታ የሚጠብቀው ሰልፍ ይረዝማል። ሰልፉን ለማሳፈር ተጨማሪ ጊዜ ያጠፋል፤ ስለዚህም የበለጠ ይዘገያል፤ ስለዘገየም ቀጣዩ ሰልፍ ይብስ ይረዝማል። ከኋላው ያለው አውቶቡስ ግን ፊተኛው ጠርጎት በሄደው መንገድ ላይ ጥቂት ሰው ብቻ እያገኘ ይፈጥናል። በመጨረሻ ይደርስበታል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ አውቶቡሶች ሲያብሩ ግን የሚታሰረው መንገደኛው ነው። በሰዓት 6 አውቶቡስ በየ10 ደቂቃው ቢመጡ አማካይ ጥበቃው 5 ደቂቃ ነው። እነዚያው 6 አውቶቡሶች ጥንድ ጥንድ ሆነው በየ20 ደቂቃው ቢመጡ ጥበቃው 10 ደቂቃ ይሆናል፤ እጥፍ ማለት ነው። ለሪፖርት ሲቆጠሩ ሁለቱም «በሰዓት 6» ናቸው። ፊተኛው ጢም ብሎ ሰው ሲያፍን ኋለኛው ባዶ ወንበር ይዞ ይከተለዋል።

መስመር በረዘመ ቁጥር ይህ ችግር ይብሳል፤ የመዘግየት አጋጣሚው በየመብራቱና በየአደባባዩ ይጨምራልና። የርዝመት ጣጣ በዚህ ብቻ አይወሰንም። ስምሪት ክፍል የሠራ ሰው የሚያውቀው አንድ ቀላል ሕግ አለ፤ የአንድ መስመር ድግግሞሽ የሚገኘው የአንድ ምልልስ ጊዜ በተመደቡት አውቶቡሶች ቁጥር ሲካፈል ነው። 10 ኪሎ ሜትሩን መስመር መልሰን እንውሰድ። በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ከተሄደ መሄጃው 40፣ መመለሻው 40፣ በሁለቱም ጫፍ ለዕረፍት አሥር አሥር ደቂቃ፤ ምልልሱ 100 ደቂቃ ይሆናል። 10 አውቶቡስ ከተመደበ በየ10 ደቂቃው አንድ ይመጣል። መንገዱ ተጨናንቆ ፍጥነቱ በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ሲሆን ምልልሱ ወደ 140 ደቂቃ ይወጣል። አውቶቡሶቹ ያው 10 ናቸው፤ አንድም አልተበላሸም፤ መንገደኛው ግን በየ14 ደቂቃው ነው የሚያገኛቸው። በ14 ሰዓት የሥራ ቀን 84 የነበረው ምልልስ 60 ይቀራል። የቀድሞውን አገልግሎት ለመመለስ 14 አውቶቡስ ያስፈልጋል። ስለዚህ የመንገድ መጨናነቅ ከዚህ መስመር ላይ አራት አውቶቡስ ሰርቋል ማለት ነው። ሌባው ግን አይታይም። እያንዳንዳችን በየመኪናችን ውስጥ ብቻችንን ተቀምጠን መብራት የምንጠብቅ ሰዎች ነን።

አሁን ከተማችንን እንመልከት። በአዲስ አበባ የከተማ አውቶቡስ ሥራ የጀመረው በ1935 ዓ.ም. ነው። ለብዙ ዐሥርት ዓመታት መስመሮቹ ከመርካቶ፣ ከለገሃር፣ ከፒያሳ እየተነሡ እንደ ጃንጥላ ዘንግ ወደ ዳር የሚዘረጉ ነበሩ። ዳሩ ሩቅ አልነበረም። ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ ግን የኮንዶሚኒየም ግንባታ ከተማይቱን ወደ ጀሞ፣ ወደ የካ አባዶ፣ ወደ ቦሌ አራብሳ፣ ወደ ቱሉ ዲምቱ፣ ወደ ኮዬ ፈጬ ጎተታት። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ አካባቢ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ካዛንቺስ ሲፈርስ ከመሀል የተነሣው ነዋሪ በብዛት ወደ ዳር ሄደ። ከላይ ያየነውን ሕግ እዚህ ላይ እናስታውስ። መስመሩ በእጥፍ ከረዘመና አውቶቡሱ ካልጨመረ ድግግሞሹ በግማሽ ይሳሳል። የዳር ነዋሪ ሁለት ጊዜ ይከፍላል፤ አንድ ጊዜ በርዝመቱ፣ አንድ ጊዜ በጥበቃው።

አክስቴ ከእነዚህ ተነሺዎች አንዷ ናት። ከፒያሳ ዝቅ ብሎ ከነበረው የቀበሌ ቤቷ ወጥታ በምሥራቁ ጫፍ አራተኛ ፎቅ ላይ ገብታለች። ልጠይቃት የሄድኩ ዕለት ቡናውን እየቀዳች፣ «ቤቱስ ምን ይወጣለታል ልጄ፤ ውሃው በውስጥ፣ መጸዳጃው በውስጥ። ሩቁ ቤቱ አይደለም፤ አውቶቡሱ ነው» አለችኝ። እድሯ አሁንም የድሮው ሰፈር እድር ነው። ቀብር በ6 ሰዓት ከተባለ እሷ ከቤት የምትወጣው በ2 ሰዓት ነው። አንዳንዴ ከሁሉ ቀድማ ደርሳ ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ትቀመጣለች። አንዳንዴ አፈር ከለበሰ በኋላ ትደርሳለች። መጀመሪያ የተወችው የጎረቤት ቡናውን ነበር። ቀጥሎ የወር ማኅበሯን ተወች። «ለቀብር ብቻ ነው የምመጣው፤ ለቀብር የማይመጣ ሰው የራሱን ማን ይቀብርለታል?» አለችኝ። መንገዷን በኪሎ ሜትር ብናየው ለዕድሜዋ የሚከብድ አይደለም፤ ተቀምጣ ነው የምትሄደው። ያሸነፋት መቼ እንደሚመጣ አለማወቋ ነው። ስንት ሰዓት እንደምትመለስ የማታውቅ አሮጊት ደግሞ ጀምበር ሳታዘቀዝቅ ከቤቷ ትከተታለች።

የርዝመትን ከንቱነት በደንብ ያሳየን ባቡሩ ነው። በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የቀላል ባቡር ሃዲድ 34 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በትራፊክ መብራት ከሚታገለው አውቶቡስ የተሻለ የራሱ መንገድ አለው። የተገዙት ባቡሮች 41 ነበሩ። በኋላ ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጥረት ቆሙ። ሃዲዱ አንድ ክንድ አላጠረም፤ በካርታ ላይ ያለው መስመር ያው ነው። በሥራ ላይ ያሉት ባቡሮች ሲያንሱ ግን የጣቢያው ጥበቃ ረዘመ፤ ጥበቃው በረዘመ መጠን አያት ከጦር ኃይሎች ራቀ።

ታክሲው ደግሞ ተቃራኒው ነው። ሚኒባሱ የጊዜ ሰሌዳ የለውም፤ ሲሞላ ይሄዳል፤ በዋና ዋና ተራዎች ቶሎ ቶሎ ይገኛል። ከአውቶቡስ እየተወደደ ሰው የሚመርጠው ለዚህ ነው። ታክሲውም የራሱ ብልሃት አለው። በመግቢያና በመውጫ ሰዓት መንገዱን እየቆራረጠ ይጭናል። በአንድ የሚያልቀው መንገድ ሁለት ታክሲ ይሆናል፤ ሁለት ሒሳብ፣ ሁለት ሰልፍ። ረጅሙን የአውቶቡስ መስመር መሀል ላይ ቆርጦ ሁለት ማድረግም እንዲሁ ሁለት መልክ አለው። አጭር መስመር ልዩነቱን ለመጠበቅ ይቀልላል፤ ተሳፋሪው ግን ወርዶ እንደገና ይጠብቃል። ሁለተኛው አውቶቡስ በየ5 ደቂቃው የሚመጣ ከሆነ መቆረጡ ይጠቅመዋል። በየ40 ደቂቃው ከሆነ መገናኛ ላይ ተጥሎ መቅረት ነው። እንደ አክስቴ ላለ ሰው ደግሞ እያንዳንዱ መውረድና መሳፈር ራሱን የቻለ መንገድ ነው።

ምን ይደረግ ቢሉ፣ መልሱ «አውቶቡስ ይጨመር» ብቻ አይደለም። ቢጨመር ማን ይጠላል? ነገር ግን የአውቶቡስ ብቻ የሆነ የመንገድ ጠርዝ ተከልሎ ቢከበር የተሰረቁት አራቱ አውቶቡሶች አዲስ ሳይገዛ ይመለሳሉ፤ በምሳሌአችን ያየነው ስሌት ይኸው ነው። በመነሻው ላይ ያለው ተቆጣጣሪ «ሞልቷል፣ ሂድ» ከማለት ይልቅ የፊተኛው ከሄደ ስንት ደቂቃ እንደሆነው አይቶ ቢለቅ ጥንዶቹ ይለያያሉ፤ ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ የእጅ ሰዓትና ሥልጣን ነው። ፌርማታው ላይ ከመነሻና ከመድረሻው ስም አጠገብ «በየ15 ደቂቃው» የሚል አንድ መስመር ቢጨመርና ቢከበር ደግሞ መንገደኛው ሕይወቱን ማቀድ ይችላል። በየ15 ደቂቃው ተብሎ በየ15 ደቂቃው የሚመጣ አውቶቡስ፣ አንዳንዴ በ5 አንዳንዴ በ35 ደቂቃ ከሚመጣው ይበልጣል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንላለን፤ ሰው ለቀርፋፋ ነገር ትዕግሥት አያጣም። ትዕግሥቱን የሚጨርሰው የማይታወቅ ነገር ነው።

ከእንግዲህ አዲስ ሰፈር ሲመሠረት፣ ወይም ሰው ከመሀል ተነሥቶ ዳር ሲሰጠው፣ «ከመሀል ከተማ ስንት ኪሎ ሜትር ነው?» ብለን ብቻ ባንመለስ መልካም ነው። ኪሎ ሜትሩን መሬቱ ወስኖታል፤ ማንም አያሳጥረውም። «የመጀመሪያው አውቶቡስ ስንት ሰዓት ይነሣል? የመጨረሻውስ? በመካከል በየስንት ደቂቃው ነው?» ብለን እንጠይቅ። ለእነዚህ ጥያቄዎች ቁርጥ ያለ መልስ ያለው ሰፈር 20 ኪሎ ሜትር ቢርቅም ከተማ ውስጥ ነው። መልስ የሌለው ግን አምስት ኪሎ ሜትር ላይ ሆኖም ገጠር ነው።