ባቡር የለቀቀው መንገድ

ባለፈው ታኅሣሥ፣ አንድ ቅዳሜ ከፈጅር ሶላት በኋላ፣ ሦስት መምህራንና ስምንት ተማሪዎች ሆነን ከሞጆ አሮጌው ባቡር ጣቢያ ተነሣን። አምስታችን በእግር፣ ስድስቱ በብስክሌት፣ ፊታችንን ወደ አዳማ አዙረን የተተወውን ሐዲድ ተከተልን። ከተማሪዎቹ አንዱ ዐምና ከትምህርት ቤት ሲመለስ አስፋልት ዳር መኪና ገጭቶት እግሩ ተሰብሮ ነበር። አልሐምዱሊላህ፣ ድኗል፤ ከዚያ ወዲህ ረጅም መንገድ ሲሄድ ግን ይህ የመጀመሪያው ነበር።

መስመሩ ረጅም ታሪክ አለው። ዳግማዊ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1894 ለስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ ፈቃድ ሰጡ፤ ሥራው በ1897 ከጅቡቲ ተጀምሮ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ። ዛሬ በዚህ በኩል ባቡር አያልፍም። ወጣቶች ልብ በሉ፤ በ2018 መደበኛ አገልግሎት የጀመረው የኤሌክትሪክ ባቡር የራሱ ሐዲድ አለው፤ በዚያኛው ላይ መሄድ ሕይወትን ለአደጋ መስጠት ነው።

በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው ስፋት 1 ሜትር ብቻ ነው። ብስክሌት የያዙት በመካከሉ ሊነዱ ሞክረው አጥንታቸው ሲናጥ ጊዜ ወደ ዳሩ የእግር መንገድ ወረዱ። ከዚያ ወዲያ ጉዞው ቀለለ፤ ባቡር ዳገት ስለማይችል መሐንዲሶቹ ጉብታውን ቆርጠው፣ ጎድጓዳውን ሞልተው አለዝበውታልና። ግራና ቀኝ የታጨደ የጤፍ ማሳና ግራር፣ ከኋላችን በሩቁ የዝቋላ ተራራ ይታያል። ወደ ጅቡቲና ወደ ሐዋሳ የሚመላለሱት ከባድ መኪኖች ድምፃቸው እንኳ ራቀን። ልጁም ማንከሱን ረስቶ ከፊት ከፊት ይሄድ ጀመር።

ጥቂት እንደሄድን አንዱ ጎማ በጠርሙስ ስባሪ ፈነዳ። ቀና ስንል መንገዱ በቆሻሻ ክምር ተሸፍኗል፤ ከክምሩ ወዲያ አጥር ቆሟል። በአጠገቡ የተቀመጡ፣ በባቡሩ ላይ ሠርተው ጡረታ የወጡ አባት፣ «ባቡሩ በሚሄድበት ዘመን እዚህ ላይ ጠጠር የሚያኖር አልነበረም። ዛሬ ባለቤት የሌለው መሰለ» አሉን።

በስፔን ከ1993 ጀምሮ እንዲህ ያሉ የተተዉ መስመሮች ለእግረኛና ለብስክሌት ተመቻችተው ዛሬ ከ3,000 ኪሎ ሜትር በላይ ሆነዋል። እኛ ዘንድም አፈሩ ተደልድሎ፣ ድልድዩ ተሠርቶ አልቋል፤ የቀረው ቦታው ተቆራርሶ ከመጥፋቱ በፊት መጠበቅ ነው።

ጎማው እስኪጠገን ስባሪውን በማዳበሪያ ጆንያ ለቀምን፤ ከመንገድ ላይ ጎጂ ነገርን ማንሣት ሰደቃ መሆኑን ሁላችንም ከልጅነታችን ተምረናል። ልጁ ግን ዐይኑን ከአጥሩ ሳያነሣ፣ «ኡስታዝ፣ ይህ ቢከፈት ሰኞ በዚህ በኩል ትምህርት ቤት እሄድ ነበር አይደል?» አለን።

ወላጆች ሆይ፣ መልሱን ለብቻችን መስጠት አልቻልንም።