ደመወዝ ሲዘገይ አበዳሪው ማን ነው?

አዲስ ሥራ በጀመርኩ በመጀመሪያው ወር መጨረሻ፣ ከመገናኛ በእንግሊዝ ኤምባሲ በኩል አድርጌ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ድረስ በእግሬ ገባሁ። ለጤና ብዬ አልነበረም። ኪሴ ውስጥ የቀረው የነገ ጠዋት የታክሲ ብር ብቻ ስለነበረ ነው።

ሂሳብ ክፍል «ሰኞ ይገባል» ብሎን ነበር። ሰኞ መጣ፤ ደመወዙ አልመጣም። ያ ወር 11 ቀን ዘገየ። ሁለተኛው 19 ቀን። በሦስተኛው ወር ግማሹ ገባ፤ ስለ ቀሪው «በቅርቡ» ተባልን።

«በቅርቡ» የሚባል ቀን ግን ካላንደር ላይ የለም። አከራዬን «እትዬ፣ እስከ ዓርብ ይታገሱኝ» ስላቸው፣ «ልጄ፣ እኔም እኮ በዚችው ኪራይ ነው የምኖረው» አሉኝ። እቁቡን አንድ ዙር ጓደኛዬ ጣለልኝ። ዘይቱንና ሽሮውን ከሰፈራችን ሱቅ በዱቤ ወሰድኩ። ክፍለ ሀገር ላለችው እናቴ መላክ ያለብኝን ሳልልክ ቀረሁ፤ ስትደውል ስልኩን ለማንሳት ፈራሁ። ከሁሉም ያሳፈረኝ ይሄ ነው።

አንድ ምሽት ባለሱቁ የዱቤ ደብተሩን ሲገልጥ አንድ ነገር ገባኝ። ድርጅቱ ከባንክ ቢበደር መያዣ ይጠየቃል፣ ወለድ ይከፍላል። ከእኔ ሲበደር ግን ወለድ የለ፣ መያዣ የለ፣ «ፈቃደኛ ነህ?» ያለኝም የለ። እኔ ደግሞ ከባለሱቁ ተበደርኩ፤ እሱ ከአከፋፋዩ። የአንድን ቢሮ የገንዘብ እጥረት የተሸከመው የሰፈር ሱቅ ነበር ማለት ነው። በዚያ ላይ ብር ከሐምሌ 2016 ጀምሮ በገበያ ዋጋ መመንዘር ከጀመረ ወዲህ ዋጋ በየጊዜው ሲጨምር አይተናል። ዘግይቶ የሚመጣ ደመወዝ ቀንሶ የመጣ ደመወዝ ነው።

እሁድ ጠዋት ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ እናቶችን አያለሁ። ኑሯቸው ከእኔ በብዙ ይከብዳል። ግን ሸክማቸውን ሲሸጡ ዋጋውን እዚያው ይቀበላሉ። እኔ ወር ሙሉ ሸክሜን አውርጄ «በቅርቡ» ተባልኩ።

ለምን ዝም አልክ ትሉኝ ይሆናል። የሙከራ ጊዜ ላይ ነበርኩ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ እስከ 60 የሥራ ቀን ሊደርስ ይችላል፤ በዚህ ጊዜ ለሥራው ብቁ አይደለህም የተባለ ሰው ያለ ማስጠንቀቂያ ይሰናበታል። አዲስ ሠራተኛ የሚፈራው ይህንን ነው። ይሁን እንጂ የሙከራ ጊዜ ማለት የነጻ አገልግሎት ማለት አይደለም።

ሕጉ ደመወዝ መቼ እንደሚከፈል ለውል፣ ለሥራ ደንብና ለኅብረት ስምምነት ትቶታል። ውሌን አውጥቼ ባየው የክፍያ ቀን የሚል ነገር የለበትም፤ ስፈርም ያየሁት የብሩን መጠን ብቻ ነበር። ሌላም ያላወቅኩት ነበር፦ የደመወዝ ጥያቄ መከፈል ከነበረበት ቀን አንስቶ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። «እንታገስ» እያልን የምናቃጥለው ጊዜ ከዚያች 6 ወር ላይ የሚቀነስ ነው።

ችግሩ የግል ድርጅት ብቻም አይደለም። በ2016 በወላይታና በሀዲያ ዞኖች የመንግሥት ሠራተኞች ደመወዝ ዘገየብን ብለው ሲጮኹ ሰምተናል። መምህር ያለ ደመወዝ ሲያስተምር ለመንግሥት የሚያበድረው እሱ ነው።

በመጨረሻ ከሁለት ባልደረቦቼ ጋር ሆነን ለሥራ አስኪያጁ ደብዳቤ ጻፍን። «ዛሬ ክፈሉን» አላልንም፤ «ቀኑን በጽሑፍ አሳውቁን» ነው ያልነው። ያኔ ነው ደንበኛ ክፍያ እንዳዘገየባቸው የነገሩን። በየወሩ 5ኛው ቀን ተቆረጠ። ሁለት ወር በቀኑ ገባ። በሦስተኛው 4 ቀን ዘገየ፤ ግን አስቀድሞ ተነገረን። እኔም ለአከራዬና ለባለሱቁ አስቀድሜ ነገርኩ፤ እናቴ ስትደውልም አነሳሁ።

ወዳጄ፣ አዲስ ሥራ ልትፈርም ከሆነ «ስንት?» ብለህ አትቁም። «በስንተኛው ቀን?» በል፤ መልሱንም ውሉ ላይ አስጽፍ።